የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ፤ ሁለተኛውን አምጬ ልውለድ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ከ2 ዓመት ከ4 ወር በፊት በኦፕራሲዮን ነው። ቀኔ ደርሶ ምጡ በራሱ ጊዜ መጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ አምጬ 6 ሳንቲሜትር ላይ ቆመ ተባልኩ። ወዲያው ደግሞ የልጁ የልብ ምት ወረደ ተብሎ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡኝ። ልጁ ሲወለድ 3 ኪሎ ከ600 ነበር፤ ደህና ነው። አሁን የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል የሚያደርጉልኝ ዶክተር ‹በምጥም መሞከር ትችያለሽ፣ ቀን ተቆርጦልሽ ኦፕራሲዮን መደረግም ትችያለሽ፤ አስቢበትና ንገሪኝ› ብለውኝ ሌላ ታካሚ ጠሩ። የባለቤቴ እናት ‹ሴት ልጅ አምጣ ነው የምትወልደው፣ ሞክሪ› ይሉኛል። ታላቅ እህቴ ‹ስፌቱ ይፈነዳል› እያለች ታለቅሳለች። ባለቤቴ ‹አንቺ ያልሽው ይሁን› ይላል፤ እኔ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ቢያንስ ሦስት ልጆች እንዲኖሩን እንፈልጋለን። ምን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞስ አንዱን መርጬ ኋላ ሐሳቤን ብቀይር ይቻላል?»

መልስ

ውድ እህታችን፣

እህትሽም የባለቤትሽ እናትም የሚናገሩት ስለሚወዱሽ ነው፤ ግን ሁለቱም የኦፕራሲዮን ወረቀትሽን አላዩትም። እኛም አላየነውም። የጥያቄሽ መልስ የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

ባለፈው ጊዜ ከወለድሽበት ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ሪፖርትሽን ኮፒ አስወጪ። ስትወጪ የሰጡሽ አጭር ወረቀት አይበቃም፤ እሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው «በኦፕራሲዮን ወልዳለች» የሚል አንድ መስመር ነው። የምትፈልጊው ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም በዚያው ዕለት የጻፈውን ገጽ ነው። ማህፀንሽ የተቀደደው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሕፃኑ ሲወጣ የተቀደደው ቦታ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ተተርትሮ ከሆነ፣ የማህፀን በርሽ ስንት ሳንቲሜትር ላይ እንደነበር፣ የልጁ ጭንቅላት ወደ የት ዞሮ እንደተገኘ የሚያሳየው ያ ገጽ ነው። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ወይም የማህፀን ኢንፌክሽን ነበረብሽ እንደሆነ ደግሞ ከቀጣዮቹ ቀናት የሐኪም ማስታወሻ ይታያል። የካርድ ቁጥርሽንና የወለድሽበትን ቀን ይዞ መዝገብ ቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤትሽ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ካለ፣ ይህን ወረቀት የማፈላለጉን ሥራ ለእሱ ስጪው።

ሆድሽ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተሽ ግን አትወስኚ። የቆዳው ጠባሳ ስለ ማህፀኑ አይናገርም። ቆዳው ከታች በአግድም ተቀድዶ ማህፀኑ ውስጥ ቁልቁል ሊቀደድ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። በክትትል ወቅት ሆድን ገልጦ «ይሄ ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ፣ በትህትና ሪፖርቱን እንዲያይ ጠይቂው።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅበት ብንነግርሽ ይሻላል። የታችኛው የማህፀን ክፍል ስስ ነው፤ ምጥ ሲመጣ በኃይል የሚኮማተረው የላይኛው ክፍል እንጂ እሱ አይደለም። እዚያ በአግድም የተቀደደ ማህፀን ጥሩ አድርጎ ይድናል፣ በምጥ ጊዜም ብዙ አይጎተትም። ከላይ፣ በወፍራሙ ጡንቻ ላይ ቁልቁል የተቀደደ ከሆነ ግን ጠባሳውን እያንዳንዱ ምጥ ግራና ቀኝ ይስበዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ጠባሳ ያማጡ እናቶች ላይ ማህፀኑ የሚተረተረው ከ100 ከ4 እስከ 9 በሚሆኑት ነው፤ ምጥ ሳይጀምርም ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ያላት እናት አታምጥም፤ ከ36 እስከ 37 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀን ተቆርጦላት በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ማህፀኗ በእንግሊዝኛው T ፊደል ቅርጽ ለተቀደደ፣ ከዚህ በፊት ማህፀኗ ለተተረተረ፣ ወይም የማህፀን ዕጢ ለማውጣት ማህፀኗ እስከ ውስጠኛው ክፍል ለተከፈተ እናትም ምክሩ ኦፕራሲዮን ነው።

«አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን» የሚለው አባባል ምንጩ ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 የኒው ዮርኩ ሐኪም ኤድዊን ክሬጊን ሲጽፈው ማህፀን የሚቀደደው ከላይ ቁልቁል ነበር። በታችኛው ክፍል በአግድም መቅደድ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። አባባሉ እንዳለ ቆየ፤ አቀዳደዱ ግን ተለወጠ።

አንቺ ቀንሽ ደርሶ፣ 6 ሳንቲሜትር እስክትከፈቺ አምጠሽ ስለነበር በአግድም የተቀደድሽ መሆንሽ በጣም የሚጠበቅ ነው። ቁልቁል መቅደድ የሚመጣው በአብዛኛው ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ሲወለድና የታችኛው ክፍል ገና ሳይዘረጋ ሲቀር፣ ልጁ በአግድም ሲተኛ፣ ወይም እንግዴ ልጁ ወይም ዕጢ ቦታውን ሲይዘው ነው። ወረቀቱ ጨርሶ ባይገኝ እንኳ ሐኪሙ ከነዚህ ምልክቶች ተነስቶ መገመት ይችላል፤ ወረቀት ስለጠፋ ብቻ ምጥ አይከለከልም። ቢገኝ ግን ግምቱ ወደ እርግጠኝነት ይለወጣል።

አሁን ወደ እህትሽ ፍርሃት እንምጣ። አንድ ጊዜ በታችኛው ክፍል በአግድም የተቀደደች እናት ምጥ በራሱ መጥቶላት ስታምጥ፣ ስፌቱ የሚተረተረው ከ200 እናቶች በ1 ገደማ ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ሲተረተር አደጋው ከባድ ነው፤ ልጁ ኦክስጅን ያጣል፣ እናቲቱ ወደ ውስጥ ትደማለች፣ አንዳንድ ጊዜም ማህፀኑ እስከመውጣት ይደርሳል። የተሟላ አገልግሎት ባለበት ሆስፒታል በሞከሩ እናቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በምጡ ሳቢያ ሕፃኑ የሚሞተው ከ10,000 በ4 ገደማ ነው፤ ይህ የመጀመሪያ ልጇን በምጥ ከምትወልድ ማንኛዋም እናት ጋር ተቀራራቢ ነው። ቀን ተቆርጦ በሚደረግ ኦፕራሲዮን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከ10,000 በ1 ገደማ ነው። ስለዚህ እህትሽ ስለ ሕፃኑ የምትለው ሐሰት አይደለም፤ ለዚህኛው ሕፃን በዚህች ቀን ኦፕራሲዮኑ በጥቂቱ ይሻላል። ያልቆጠረችው ያንቺን ሰውነትና ሦስተኛውን ልጅ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

የባለቤትሽ እናት «ሞክሪ» ሲሉ የሚታያቸው የሚሳካው ነው። በጥቅሉ ከሞከሩት አራት እናቶች ሦስቱ ገደማ በምጥ ይወልዳሉ። ያንቺን ዕድል ግን ያለፈው ምክንያትሽ ይቀንሰዋል። ልጁ በመቀመጫው ወይም በሌላ አቅጣጫ ስለመጣ ተቀድዳ የነበረች እናት ከ100 ወደ 84 ይሳካላታል፤ የልብ ምት ስለወረደ የተቀደደች ከ100 ወደ 73፤ ምጡ አልገፋ ብሎ የተቀደደች ከ100 ወደ 64። አንቺ ሁለቱም ነበሩብሽ፣ ከዚህ በፊትም በማህፀን በር በኩል ወልደሽ አታውቂም። ስለዚህ ከ10 ወደ 6 ወይም 7 ብለሽ አስቢ። ሪፖርቱ ላይ ልጁ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ጀርባውን ወደ ጀርባሽ ሰጥቶ እንደነበር ከተጻፈ ነገሩ ይለሰልሳል። እንዲህ ያለው አቀማመጥ ምጥን ያስረዝማል፣ ቀጣዩ ልጅ ደግሞ እንደዚያ ላይመጣ ይችላል። «ዳሌዋ ጠባብ ነው» የሚል ቃል ካገኘሽም አትደንግጪ፤ እንዲህ የተባሉ ብዙ እናቶች ቀጥሎ ከዚያ የሚበልጥ ልጅ በምጥ ወልደዋል።

የማይሳካው ሦስት ወይም አራት ከአሥር ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ እወቂው። ለረጅም ሰዓት አምጦ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን መግባት ከሁሉም የሚከብደው መንገድ ነው፤ ደም መፍሰስ፣ ደም መውሰድ፣ የቁስልና የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የሽንት ፊኛ ጉዳት እዚህ ይበዛሉ። የሚቀለው ተሳክቶ በምጥ መውለድ ነው፤ ቀን የተቆረጠለት ኦፕራሲዮን መሐል ላይ ይቀመጣል። መሞከር ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው ጥያቄ ስለዚህ በመሳካት ዕድልሽ ይመዘናል። በምጥ መውለድም ያለ ዋጋ አይደለም። ከ100 እናቶች 5 ገደማ መቀመጫቸውን የሚቆጣጠረውን ጡንቻ የሚነካ መቀደድ ይደርስባቸዋል፤ ወዲያው ታይቶ በሚገባ መሰፋት አለበት።

ኦፕራሲዮኑን ብትመርጪ ቀኑ 39 ሳምንት ሲሞላ ይቆረጣል። ከዚያ በፊት «ቀኑ ይመቻል» ተብሎ እንዳይሳብ ተከላከይ። በኦፕራሲዮን የተወለዱ ሕፃናት ከ100 ከ4 እስከ 5 የሚሆኑት ለአጭር ጊዜ የመተንፈስ ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በ38 ሳምንት ሲሆን ወደ 6 ከፍ ይላል፣ በምጥ ሲወለዱ ግን ከ2 እስከ 3 ነው። ሳንባቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በምጥ ጊዜ ስለሚቀንስ ነው ልዩነቱ። ከመግባትሽ በፊት ጠጣር ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውሃ ለ2 ሰዓት አትቀምሺም። ቆዳው ሳይቀደድ አንቲባዮቲክ ይሰጥሻል፤ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ትወጊያለሽ፣ ልጅሽ ሲወጣ ትሰሚያለሽ። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው የሚለየው ሆድ ዕቃ ውስጥ የተጣበቀ ነገር ስለሚኖር ነው። የሽንት ፊኛው ከማህፀኑ ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ይረዝማል፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል። ከወለድሽ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ከሕፃኑ የከበደ ነገር አታነሺም። ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ «እቀፊኝ» እያለ ይጠብቅሻልና በነዚያ ሳምንታት ማን እንደሚያቅፈው ከአሁኑ አስቢ።

ለአንቺ ከሁሉም የሚበልጠውን ግን አሁን እንነግርሻለን። ሦስት ልጅ እንፈልጋለን ብለሻል። እያንዳንዱ ኦፕራሲዮን በማህፀን ላይ ተጨማሪ ጠባሳ ይተዋል፤ ቀጣዩ እንግዴ ልጅ በዚያ ጠባሳ ላይ ከተቀመጠ ሥር ሰድዶ ከማህፀኑ አልላቀቅ ሊል ይችላል። ሊያላቅቁት ሲሞክሩ ደም እንደ ቧንቧ ይፈስሳል፤ ብዙ ጊዜም እናቲቱን ለማትረፍ ማህፀኗ ይወጣል። እንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ሸፍኖ ሲገኝ፣ አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ላይ ሥር የመስደዱ ዕድል ከ100 ወደ 11 ነው። ሁለት ጊዜ በወለደች ላይ 40 ይሆናል። ሦስት ጊዜ በወለደች ላይ 61። እንግዴ ልጅ በሩ ላይ መቀመጡ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ሁለተኛውን በምጥ ብትወልጂ ለሦስተኛው የምትደርሺው በአንድ ጠባሳ ነው፤ በተጨማሪም በምጥ የመውለድ ዕድልሽ ከ100 ከ85 እስከ 90 ይደርሳል፣ የመተርተሩም አደጋ ይቀንሳል። ሁለት ልጅ ይበቃናል የምትል እናት ብትጽፍልን ይህን አንቀጽ በጣም አሳጥረን በጻፍንላት ነበር።

በዚህ ምክንያት አሁን በ31 ሳምንት አንድ ነገር ሳይዘገይ ይታይ፦ እንግዴ ልጁ የት ነው ያለው? የ20 ሳምንት አካባቢ አልትራሳውንድሽ «ከፊት ለፊት፣ ዝቅ ብሎ» የሚል ከሆነ በ32 ሳምንት ደግሞ ይታይ፤ ጠባሳው ላይ መግባት አለመግባቱን ለይቶ በሚያይ ባለሙያ ይሁን። በሩን ከሸፈነ የምጥ ጉዳይ እዚያው ያበቃል። የጠባሳውን ውፍረት በአልትራሳውንድ ለክተው «ቀጭን ነው» ካሉሽ ግን በዚያ ብቻ አትወስኚ፤ ሁሉም የተስማማበት የውፍረት ድንበር የለም። የልጁን ክብደት ግምትም እንዲሁ፤ ከእውነተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። ከ4 ኪሎ በላይ ከተገመተ የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል፣ ግን በዚህ ብቻ ምጥ አይሰረዝም።

የሁለቱ ወሊዶች ርቀት ለአንቺ ጥሩ ነው። ከወሊድ እስከ ወሊድ 18 ወር ሳይሞላ ሲሆን ጠባሳው የመተርተር አደጋው ይጨምራል፤ ያንቺ ሲወለድ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይሆናል።

ወረቀቱ ጥሩ ሆነ እንበል። ቀጣዩ ጥያቄ የት ታምጫለሽ የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ቅንጣት አንለሳለስም። ስፌት ሲተረተር የሕፃኑን ሕይወት የሚያተርፉት ደቂቃዎች ናቸው። ሪፈር ጽፎ በአምቡላንስ መላክ አይደርስም። ስለዚህ ቀድመሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪም ግቢው ውስጥ ያድራል ወይስ ከቤቱ ነው የሚጠራው? ማደንዘዣ ሰጪውስ? ለእኔ ደም ዓይነት የተመሳከረ ሁለት ከረጢት ደም ይዘጋጃል? ከውሳኔ እስከ ቀዶ ጥገና በ30 ደቂቃ ውስጥ ትደርሳላችሁ? የልጁን የልብ ምት ያለማቋረጥ የሚከታተል ማሽን አለ? «ቅዳሜና እሁድ ማደንዘዣ ሰጪ የለም» ከተባልሽና ሌላ ሆስፒታል መሄድ ካልቻልሽ፣ ወረቀትሽ የቱንም ያህል ቢያምር ቀን የተቆረጠለት ኦፕራሲዮን ይሻልሻል። በቤት፣ ወይም ቀዶ ጥገና በማይሠራበት ጤና ተቋም መሞከርን እንደ ምርጫ አትቁጠሪው። ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ ከ38 ሳምንት ጀምሮ ቅርብ ቦታ ማረፍ ይበጃል።

ሌላው ብዙ እናቶች ሳይጠየቁ የሚያልፋቸው ነገር ምጥን በመድኃኒት ማስጀመር ነው። በራሱ የመጣ ምጥና በመድኃኒት የመጣ ምጥ ለጠባሳሽ አንድ አይደሉም። ምጥ ማስጀመር ወይም ኦክሲቶሲን በሚባለው መድኃኒት ማፋጠን የመተርተሩን አደጋ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል፤ ኦፕራሲዮን የመግባት ዕድልንም በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል። ሚዞፕሮስቶል የሚባለውን ክኒን በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፤ ጠባሳ ባለው ማህፀን፣ ቀኑ በደረሰ እርግዝና፣ ሕያው ልጅ ሊወለድበት አይሰጥም። በአፍም፣ በማህፀን በር በኩልም፣ ሩቡም ቢሆን። በማንኛውም ክፍል ክኒን ሲሰጡሽ «ይህ ምንድን ነው? ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ» በይ። ምጥ ያፋጥናል እየተባለ የሚጠጣውን ማንኛውንም ነገር፣ የጉሎ ዘይትንም ጨምሮ፣ አትንኪ። 41 ሳምንት ሞልቶ ምጥ ካልመጣ የሚቀሩት መንገዶች፦ በጣት የሽሉን ሽፋን ማላቀቅ፣ የማህፀን በርን በፊኛ ካቴተር (ጫፉ እንደ ኳስ በሚነፋ ቀጭን ቱቦ) መክፈት፣ በሐኪም ቅርብ ክትትል በትንሽ መጠን ኦክሲቶሲን፣ ወይም ኦፕራሲዮን ናቸው። ፊኛ ካቴተሩ መድኃኒት ስለሌለበት ከማስጀመሪያዎቹ ለጠባሳ ለስላሳው ነው። ከነዚህ የትኛውን እንደምትቀበዪ አሁን ተወያዪበት፤ በ41ኛው ሳምንት ደክሞሽና ተጨንቀሽ መወሰን ይከብዳል።

ምጡ ሲጀምር ከሌሎች እናቶች ቀደም ብለሽ ሂጂ። መደበኛ ሆኖ በየአምስትና በየአሥር ደቂቃው ሲመላለስ ቤት አትቆዪ፤ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ምጥ ባይኖርም ሂጂ። ክንድሽ ላይ መስመር ይከፈታል፣ ደም ይወሰዳል፣ የልጁ የልብ ምት በማሽን ይታያል። የማህፀን በርሽ በየአራት ሰዓቱ ይመረመራል። በአራት ሰዓት 2 ሳንቲሜትር ካልጨመረ ከፍተኛው ሐኪም መጥቶ ማየት አለበት። «ትንሽ እንጠብቅ» በሌላ እናት ላይ ትዕግስት ሊሆን ይችላል፤ በአንቺ ላይ ግን የማይገፋ ምጥ ጠባሳውን የሚያዳክመው ነገር ነው። የወገብ ማደንዘዣ መውሰድ ትችያለሽ፤ የመተርተርን ምልክት ይደብቃል የሚለው ትክክል አይደለም። እንዲያውም ማደንዘዣው እየሠራ ሳለ በድንገት ደጋግመሽ ተጨማሪ ከፈለግሽ፣ ያ ራሱ ጠባሳው እንዲታይ የሚያስገድድ ምልክት ነው።

የመተርተር ምልክቶችን አንቺም፣ አብሮሽ የሚገባውም ሰው እወቁ። ዋነኛው የልጁ የልብ ምት መቀየር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ከመታየቱ በፊት ይህ ይቀድማል፣ ማሽኑ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሌሎቹ፦ በሁለት ምጥ መሐል የማይለቅ ሕመም፣ የድሮው ስፌት አካባቢ ስለት የመሰለ ሕመም፣ ከማህፀን ደም መፍሰስ፣ ሽንት ውስጥ ደም መታየት፣ ሲፋፋም የነበረው ምጥ በድንገት ቀጥ ማለት፣ ወርዶ የነበረው የልጁ ጭንቅላት ተመልሶ ወደ ላይ መውጣት፣ ራስ ማዞርና ማላብ፣ የልብሽ ምት መፍጠን። ከነዚህ አንዱ ሲመጣ ጮክ ብሎ መጥራት ያለበት አብሮሽ ያለው ሰው ነው።

ሐሳብሽን ስለመቀየር ጠይቀሻል። ትችያለሽ። ምጥ ከመምጣቱ በፊት በማንኛውም ቀን፣ ምጥ ከጀመረም በኋላ ኦፕራሲዮን ይደረግልኝ ማለት መብትሽ ነው። የልጁ ጭንቅላት ወርዶ ሊወጣ ሲል ግን ወደ ኦፕራሲዮን መመለስ ከመግፋቱ ይብሳል፤ በዚያ ሰዓት የምትሰሚው «ግፊ» ነው። በተቃራኒው ለኦፕራሲዮን ቀን ተቆርጦላቸው ከሚጠብቁ አሥር እናቶች አንዷ ከቀኑ በፊት ምጥ ይይዛታል። ስለዚህ ኦፕራሲዮን ብትመርጪም «ቀኔ ሳይደርስ ምጥ ቢመጣስ?» የሚለው መልስ ይኑረው። ምጡ ገና ከሆነ ኦፕራሲዮኑ በዚያው ሰዓት ይደረጋል፤ ፈጥኖ ከገፋ ደግሞ በምጥ መውለድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የእኛን አስተያየት ፈልገሻልና ሳንሸሽ እንንገርሽ። ሪፖርቱ በታችኛው ክፍል በአግድም መቀደድሽን ካረጋገጠ፣ ልጁ አንድ ሆኖ በጭንቅላቱ ከመጣ፣ እንግዴ ልጁ ከጠባሳው ከራቀ፣ ሆስፒታሉም በማንኛውም ሰዓት መቅደድ የሚችል ከሆነ፣ ሦስት ልጅ ለምትፈልግ እናት ምጡን በራሱ እስኪመጣ እስከ 41 ሳምንት ጠብቆ መሞከርን እንመክራለን። ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ካልገፋ፣ ሳይመሽ ኦፕራሲዮን። ይህን ሁሉ አውቀሽ «አይ፣ ያ ሌሊት እንዲደገምብኝ አልፈልግም» ብለሽ ቀን የተቆረጠለትን ከመረጥሽም ትክክል ነሽ፤ ያለፈው ምጥ የጣለብሽ ፍርሃት ራሱን የቻለ የሕክምና ምክንያት ነው፣ አምጣ ያልወለደች ሴት ያልወለደች የሚያስመስል ንግግርም ጆሮ አትስጪው። የባለቤትሽን እናት ግን አታስቀይሚያቸው፤ ምጥሽ ሲመጣ ከትልቁ ልጅ ጋር ቤት የሚሆንልሽ የታመነ ሰው ያስፈልግሻልና ይህን ጠይቂያቸው። እህትሽን ደግሞ ወደ ቀጣዩ ቀጠሮ ይዘሻት ሂጂ፤ የሚያስፈራትን ለዶክተሩ በራሷ አፍ ትጠይቃቸው።

ወደ ቀጠሮው ስትሄጂ ሪፖርቱን ጠረጴዛቸው ላይ አድርጊና ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ጠይቂ፤ ዛሬ ካልሆነ የሚሆንበትን ቀን ይንገሩሽ። የሄሞግሎቢን መጠንሽም በዚያው ይታይ፤ ደም ማነስ ካለ በ31 ሳምንት የሚጀመር የብረት እንክብል እስክትወልጂ ይሠራል፣ በ39 ግን አይደርስም። እስከ 36 ሳምንት ካርድሽ ላይ በሐኪሙ እጅ የሚከተለው ይጻፍ፦ ያለፈው ቅድ ዓይነት፤ የእንግዴ ልጁ ቦታ፤ የደም ዓይነት፤ የመረጥሽው መንገድ፤ ሚዞፕሮስቶል አይሰጥ፤ ምጥ ከቀኑ ቀድሞ ቢመጣ የሚደረገው፤ 41 ሳምንት ቢሞላ የሚደረገው። ምጥ ይዞሽ ሌሊት ስትገቢ የሚቀበልሽ ባለሙያ አንቺን አያውቅሽም፤ የሚያነበው ያንን ካርድ ነው።